ከሥሩም ፋቂው ያልኳት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጆቼ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ቀርቤ «በማወቅም ባለማወቅም በድያለሁ» እላለሁ፤ እሳቸውም እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሉኛል። ባለማወቅ! እኔ እኮ ከፍዬ ተምሬ፣ አውቄ ነው የበደልኩት። በጸሎት ቃል ከነፍስ አባቴ የሸሸግኩትን ለእናንተ እነግራለሁ፤ እናንተ ልትፈቱኝ ሥልጣኑ የላችሁምና።

ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ሐይቅ ዳር፣ ሆቴሎቹ አጠገብ አሮጌ ዕቃ እሸጥ ነበር። አምባር፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ከእንጨት የተጠረበ ገበታ። ከዚያ በፊት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባሌ ሞተ፤ መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛ ሲቀንስ እኔን ቀነሰ። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በደሉን በሠራሁበት ቀን ቤቴ ምግብ ነበር፤ ልጆቼም ጠግበው ነበር። ማንም «መበለት ናት፣ ቸግሯት ነው» እንዲልልኝ አልፈልግም።

ንግዱን ያስተማረችኝ ታደለች ናት። የሲዳማ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ከእኔ ትንሽ የምታንስ፣ ከጎኔ ያለው ሱቅ ባለቤት። እኔ ከሰሜን የመጣሁ ባለማተብ ነኝ፤ የአካባቢውን ቋንቋ አላውቅም። ገጠር ይዛኝ የምትሄደው እሷ ነበረች። ዕቃ ከመጠየቄ በፊት ስለ ከብቱ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ልጆቹ መጠየቅ እንዳለብኝ ነገረችኝ።

«እትዬ ወይንሸት፣ አንቺ እኮ እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው የምትገቢው! መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ሰውየው ይይሽ» ትለኝና ትስቃለች።

ስለ እሷ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ያኔም አመሰግን ነበር። አመስጋኝ ሰው አይበድልም ያላችሁ ማነው?

እኔ ደግሞ ጣቴ ኪቦርድ ያውቃል፤ እንግሊዝኛም ስመታ ኖሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ ሱቄን ለታደለች አደራ ብዬ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት እገባ ነበር። እዚያ ያገኘሁትን ዛሬ ለማንኛውም ትንሽ ነጋዴ በግልጽ እናገራለሁ። ያኔ ግን እንደ ሌባ ደብቄው ነበር።

ጨረታ የሚያካሂዱ ገጾች አሉ። በእነሱ ላይ ሻጭ የጠራውን ዋጋ ተዉት፤ ሻጭ የፈለገውን ይጠራል። ዕቃው በእርግጥ የተሸጠበትን እዩ። የሙዚየም ገጾች አሉ፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ከነፎቶው በነጻ ያሳያሉ። አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች የሚወያዩበት ገጽ አለ፤ ፎቶ ለጥፋችሁ ብትጠይቁ በዓይን የማታውቁት ሰው ይመልስላችኋል። ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አንሱ፤ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡ፤ ከላይም፣ ከጎንም፣ ከሥርም አንሱ። ዕድሜ የሚታወቀው ከሥር ነው። ከአገር ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት አውጡ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ አሮጌ ዕቃ አትፈትጉ። እኛ ዘንድ ዕቃ ማክበር ማለት ማጥራት ነው። ለእንግዳ የሚወጣ ዕቃ ይታጠባል፣ ይወለወላል። ሐይቅ ዳር ሁላችንም ያገኘነውን አሮጌ ዕቃ እናሻለን፣ ቫርኒሽ እንቀባለን። ገዢ አይቶ ሲያልፍ «ገና አልጠራም» ብለን ደግመን እናሻለን! ሰብሳቢዎቹ ግን የሚከፍሉት የሰው እጅና የሰው ላብ ላጠቆረው ነው። ያንን ያወቅሁ ዕለት የራሴን ዕቃ መፈተግ አቆምኩ። ለታደለች አልነገርኳት። የዕቃዬን አቧራ እያየች «እትዬ ምነው ሰነፍሽ?» ስትለኝ እስቅ ነበር።

አንድ የውጭ አገር ሰብሳቢ ጻፈልኝ። ከእኛ አካባቢ ጥሩ የእንጨት ትራስ ይፈልጋል፤ የድሮ ሰዎች ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው አንገታቸውን የሚያሳርፉበትን ማለት ነው። ጥሩ ካገኘ ከዚያ በኋላ ከዚያው ሻጭ ብቻ እንደሚገዛ ነገረኝ። እኔ አንድ ነበረኝ፤ ደህና ነው፣ ድንቅ ግን አይደለም።

በዚያው ሳምንት ታደለች የሟች አባቷን ትራስ በጋቢ ጠቅልላ አመጣች። ከቅቤው የተነሳ እንደ ከሰል ጠቁሯል። መሐሉ በአንገቱ ልክ ጎድጉዷል። ሙዚየም ገጽ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ አላየሁም።

«ወንድሞቼ ለእኔ ተዉልኝ። እትዬ፣ አንቺ ኢንተርኔት ቤት ማሽኑ ላይ ታያለሽ፤ ፈረንጆቹ ምን ዓይነት ነው የሚወዱት?»

አየሁት። አወቅሁት። ሰውየው ይህን ካየ የእኔን ዞሮ እንደማያይ፣ ከዚያም ወዲያ ደንበኛው የእሷ እንደሚሆን አወቅሁ።

«ንጹሕ ነዋ የሚወዱት» አልኳት። «ፋቂውና ቫርኒሽ ቀቢው።»

«ይሄ እኮ የአባባ ቅባት ነው» አለች፤ ከዚያ ራሷ ሳቀች። «እናቴ ብታይ ትስቅ ነበር። አንድ ቀን የቤቱን ቅቤ ራሱ ላይ ጨርሶባት በሬ ነው ያገባሁት ብላ ለጎረቤት አልቅሳለች።»

እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

የብርጭቆ ወረቀት ገዝታ መጣችና ሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ መፋቅ ጀመረች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። የቆየ ቅቤ ሽታ አየሩን ሞላው፤ ጥቁሩ ዱቄት ቀሚሷ ላይ ይወርድ ነበር። «በቃ፣ ተይው» ማለት ምን ያስቸግራል? አንድ ቃል ነበር። ከላዩን ጨርሳ ቀና አለችና «ከሥሩስ? ከሥሩ ማን ያየዋል?» አለችኝ።

«ከሥሩም ፋቂው» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ዲያብሎስ አሳስቶኝ አልልም፤ ዲያብሎስ እንግሊዝኛ አላስነበበኝም። የመጀመሪያውን ቃል ሳላስበው አመለጠኝ ብል እንኳ፣ ይህን ሁለተኛውን አስቤ አልኩት። ዕድሜው እዚያ እንደነበረ አውቄ፣ ከሥሩም ፋቂው አልኩ።

ጨርሳ ቫርኒሽ ቀብታ አመጣችው። «እዪው እስቲ! ትናንት ከአናጢ ቤት የወጣ አይመስልም?» ይመስላል። ፎቶውን ከእኔው ትራስ ፎቶ ጋር አድርጌ ላክሁ። የሰውየው መልስ አጭር ነበር፤ የመጀመሪያውን እገዛለሁ፣ ሁለተኛውን ግን ሰው አበላሽቶታል፣ ያሳዝናል። የመጀመሪያው የእኔው ነበር።

ለታደለች «አልወደዱትም» አልኳት።

«ምን ይደረግ። አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ ደክመሻል፣ ጌታ ይባርክሽ» አለች።

ሰውየው ለዓመታት ደንበኛዬ ሆነ። በዚያ እንጀራ ልጆቼን አስተማርኩ፤ ስለ እነሱ ፈጣሪን ዛሬም አመሰግናለሁ። ምስጋናዬን አልተውም። ልጆቼ በረከት ናቸው፤ ሥራዬ ኃጢአት ነው። አንዱ ሌላውን አያጥበውም። ታደለች ገበያ ራቃትና ሱቋን ዘጋች፤ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ውስጥ፣ ዓሣ መጥበስ ጀመረች። ሱቋን እኔ ከእኔው ጋር ቀላቀልኩት። ቁልፉን ስታስረክበኝ «ከማላውቀው ሰው አንቺ ብትይዢው ይሻላል» አለችኝ።

የንግድ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ውድድር ነው ይላሉ። ውድድር አይደለም። ገበያዋንማ ሌላም ሊወስደው ይችል ነበር። እኔ ግን አባቷን በገዛ እጇ እንድትፍቀው አደረግሁ። የራስ ቅባቱ፣ የአንገቱ ጥቁረት፣ ከዚያ ሰው በምድር ላይ የቀረው እሱ ነበር። እሷ እስከ ዛሬ ያሳመረችው ይመስላታል። አሁንም ትራሱን ቤቷ ለመጣ እንግዳ ታሳያለች፤ «እትዬ ወይንሸት ናት የመከረችኝ» እያለች።

ለነፍስ አባቴ ለምን አልነገርኩም? ስግደት ይሰጡኛላ። እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴ ይደክማል፤ ነገሩ ያልቃል። ታደለች ግን ምንም ሳታውቅ እኔ ተፈትቼ ልቁረብ? አልቆርብም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቆረብኩም። ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል።

ታዱ፣ ይህን ሰው ያነብልሽ ይሆናል፤ ወይም እኔው መጥቼ አነብልሻለሁ። አውቅሻለሁ። ሳልጨርስ «ጌታ ይቅር ብሎሻል፣ እኔም ይቅር ብያለሁ» ትያለሽ። እንዳትይ። የመጣሁት ለእሱ አይደለም። መጀመሪያ ትራሱን አውጪና እጅሽን ከሥሩ አስገብተሽ ዳብሺው። ከዚያ ተቆጪኝ። ስደቢኝ። ባለማወቅሽ ያተረፍኩት ይበቃል፤ ባለመቆጣትሽ ደግሞ አላተርፍም። ይቅርታሽን የምለምነው ቁጣሽን ከሰማሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ብትነፍጊኝ እውነት አለሽ።