ነጩ ጨርቅና የእህቴ ልብ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ግትርነቷ ለሰፈር ይበቃል። በልጅነቷ እየተመላለሰ ያስቸገራት የጉሮሮ ሕመም መዘዙ ልቧ ላይ ወርዶ አንዱን ቫልቭ አበላሸባት። ካደገች በኋላ ሐኪሞች ደረቷን ከፍተው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገጠሙላት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ሲል ልቧ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል። «አንቺ እያለሽ የግድግዳ ሰዓት ምን ይሠራልናል?» እያልን እንስቅባታለን። እሷም አብራን ትስቃለች።

ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ደም ማቅጠኛ ክኒን መዋጥ አለባት። ክኒኑ ግን ለልብስ ሰፊ አይመችም፤ መርፌ ጣቷን ወጋ ካደረጋት ደሙ አልቆም ይላል። አንድ የሙሽራ ቀሚስ በዚህ ሰበብ ተበላሽቶባት ነበር። ሌላ ነጭ ቀሚስ ስትቀበል ክኒኑን ለማንም ሳትናገር አቋረጠችው።

አንድ ጧት አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። የስፌት መኪናዋን አቁማ ጥልፍ በእጇ ትጠልፋለች። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ጠቅታው ግን የለም። እሷ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ክኒንሽን ውጠሻል?» አልኳት።

«ቀሚሱን ላስረክብና እጀምራለሁ።»

«አብደሻል እንዴ አንቺ!»

ሆስፒታል ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። የረጋ ደም ቫልቩን እንደያዘው ቀዶ ሐኪሙ ነገረኝ። «ደረቷን እንደገና መክፈት አለብን። አንዴ የተከፈተ ደረት ውስጥ ልብ ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል። እንደ መጀመሪያው አይሆንም።»

«ትተርፋለች?»

«የምንችለውን እናደርጋለን።»

ይህን አባባል ከልቤ ጠላሁት።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የምሰድባትን ስድብ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ለጨርቅ ብለሽ? ሙሽራይቱ ቡኒ ብትለብስ ምን ትሆን ነበር? የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ የሚወጡት ግን ነርሶች ናቸው። ስድቡ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እኔ ስድቡን ካቆምኩ እሷ የምትሞት መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣ። ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ፣ «አስቸግራን ነበር፤ አሁን ግን ልቧ በደንብ እየመታ ነው» አለኝ።

የመተንፈሻው ቱቦ ከአፏ ከወጣ በኋላ አስገቡኝ። ስድቤን ሰድሬ፣ ፊቴን አጥቁሬ ገባሁ። ዐይኗን በግድ ገልጣ አየችኝ። ድምፅዋ ሰልሏል።

«ክኒኔስ?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ስድብ ዋጥኩትና አልጋዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።