የሚቀሩት ሰዎች ስም

እትዬ ጸሃይነሽ ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው የለንደን ሰፈር ካለው ፍላታቸው ሆነው የሩቅ አገር ሬዲዮ በስልካቸው ሲከታተሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ልጃቸው ሰሎሜ በሰሜን ካናዳ ጫካ ውስጥ፣ መኪና በማይደርስበት የኦጂ-ክሪ ሕዝብ መንደር ነርስ ናት። የሰደድ እሳት መንደሩን እየከበበው ነው። መውጫው ትንሽ አውሮፕላን ብቻ ነው። ማን መቼ እንደሚሳፈር የመንደሩ ምክር ቤት ይወስናል፤ መሪዋ ኤድናም ስሞቹን በሬዲዮ ታነባለች።

እትዬ ጸሃይነሽ ቋንቋውን አያውቁትም። የሚጠብቁት አንድ ስም ብቻ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰሙት። እልል ብለው ወዲያው ደወሉ።

"ወጣሽልኝ አይደል? ስምሽን ሰማሁ!"

ሰሎሜን ጭሱ አሳላት። "እማዬ፣ የሚሄዱት ቀደም ብለው ተነበቡ። እኔን የሰማሽኝ ከሚቀሩት ጋር ነው። ሽማግሌዎቹና ሕፃናቱ ወጥተው ሳያልቁ ክሊኒኩ አይዘጋም።"

"ማን ፈረደብሽ? ያቺን ሴትዮ አቅርቢልኝ!"

"ምን ልትያት? እሷም እኮ ቀርታለች። ከሚቀሩት መጀመሪያ ያነበበችው የራሷን ስም ነው።"

እትዬ ጸሃይነሽ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቦርሳቸውን ጎትተው እስክሪብቶ አወጡ።

"የሁሉንም ስም ንገሪኝ። ለጸሎት ለአባ እሰጣለሁ። የክርስትና ስም ካላቸው እሱን።"

"እማዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነን! ስልኩም ሊቋረጥ ይችላል።"

"እንግዲያው ቶሎ በያ!"

"ኤድና" ብለው ጀመሩ። ስልኩ ሲቋረጥ ሰባተኛው ስም ላይ ነበሩ። የልጃቸውን ስም ከሥሩ ጨመሩና ሬዲዮውን መልሰው ከፈቱ።