በአሮጌው ጓዳ የተከፈተ መስኮት

ሙከራው በሙሉ አረንጓዴ ወጣ ተብሎ ቢሮው በጭብጨባ ሲናጋ አንዲት ሴት ብቻ ክንዷን አጣጥፋ ቆማ ነበር። «እመት ጥገና» ነው የምንላት። ይህ የእሷ ታሪክ ነው።

እመት ጥገና የያዘችው ማንም የማያመሰግነውን ሥራ ነው። ፕሮግራም ሠሪዎች ስክሪን ላይ መስኮት፣ ቁልፍ፣ የጽሑፍ ሳጥን ሲያሻቸው ከባዶ አይጀምሩም። የእኛን ላይብረሪ፣ ማለትም ተሠርቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ፣ ይወስዱና «ቁልፍ አምጣ» ይሉታል፣ ያመጣል። ቁልፉ ታዲያ ከሰማይ ዱብ አይልም። ኮምፒውተሩ ውስጥ መስኮቶችን የሚያስተዳድር ሥርዓት አለ፤ መስኮት የፈለገ እሱን በገዛ ቋንቋው መለመን አለበት። ሥርዓቱ ደግሞ አንድ አይደለም። አሮጌው አለ፣ አዲሱ አለ፤ አንዱ የሚለው ለሌላው አይገባውም። ስለዚህ ላይብረሪያችን ከፊት አንድ ሆኖ ከኋላው ለየሥርዓቱ የተለየ ክፍል አለው። እኛ «ጓዳ» እንለዋለን። ደንበኛው ሳሎን ተቀምጦ ቁልፉን ይጫናል፤ ጓዳ ውስጥ ማን ጭስ እንደሚበላ አይጠይቅም።

አሮጌውን ጓዳ የምትጠብቀው እሷ ናት። ወጣቶቹ «ይሸታል» እያሉ ሸሹት። መሽተቱንስ ይሸታል፤ የስንት ሰው ጥድፊያ የተከመረበት ኮድ ነው። እሷ ግን አንድ ምክንያት አላት፤ ታላቅ ወንድሟ።

ይህ ሰው በልጅነቷ ያገለገለ ኮምፒውተር ከየትም ፈልጎ አመጣላት። አንድ ገጹ የጎደለ የፕሮግራም መጽሐፍም ነበረው። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። ስትሳሳት «አንቺ ደንቆሮ፣ ነጠላ ሰረዝ አልኩሽ እኮ!» እያለ በእርሳስ ጫፍ አናቷን ይነካታል። እንጀራዋን በእሱ ዓይን ተማረች ብል አላጋነንኩም። ዛሬ ያ ዓይን ደክሟል። የሚያየውን ነገር መሀሉን ጉም ይሸፍነዋል፣ ዳር ዳሩ ብቻ ይቀረዋል። የሚሠራው ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ በሽተኛ ይመዘግባል። ሥራውን ያቆየለት ማጉያ ፕሮግራም ነው፤ የመዳፊቱ ቀስት ያረፈበትን ሁሉ ጡጫ እስኪያህል ያሳድግለታል።

የክሊኒኩ መመዝገቢያ የተሠራው በእኛ ላይብረሪ ነው። ማጉያው ደግሞ በአሮጌው ጓዳ የተከፈተ መስኮት ብቻ ነው የሚታየው። አሮጌው ሥርዓት አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዲያይ ይፈቅዳል፤ አዲሱ ለደኅንነት ብሎ ይከለክላል። ለማጉያ የሚሆን በር እንዲሠራለት ይፈቅዳል፤ በሩን መሥራት ግን የእኛ ፋንታ ነበር፣ አልሠራነውም። አሮጌው ጓዳ ፈረሰ ማለት ሰውዬው ጥቁር ስክሪን ላይ አፈጠጠ ማለት ነው።

አለቃችንን «አቶ አረንጓዴ» እንለዋለን። የፕሮግራም ሙከራ ሲያልፍ አረንጓዴ፣ ሲወድቅ ቀይ ይበራል፤ እሱ ቀይ ካየ ምሳ አይበላም። የጭብጨባው ቀን ወንበር ላይ ወጥቶ «አዲሱ ጓዳ ሁሉን ሙከራ አልፏል! አሮጌውን እናፈርሰዋለን!» ብሎ አወጀ።

እመት ጥገና አልተከራከረችም። ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ፣ አዲሱ ጓዳ ከፈተው የተባለውን መስኮት አወጣችና የወንድሟን ማጉያ አስነሳችበት። ጥቁር ነበር የጠበቀችው። ማጉያው ግን ቁልፉን ከነጥላው፣ ፊደሉን ከነጥርሱ አጉልቶ አሳያት።

«ይቺን ና እያት» አለችኝ።

«አየ እኮ! ምን ሆንሽ? ደስ አይልሽም?»

«ማየት አልነበረበትም።»

ኮዱን ገልብጣ ያገኘችውን አሳየችኝ። አዲሱ ጓዳ መስኮት መክፈት ሲያቅተው ኮዱ ድምፁን ሳያሰማ አሮጌውን ይጠራል፤ አሮጌው ይከፍታል፤ ሙከራውም መስኮት ተከፈተ ብሎ አረንጓዴ ያበራል። ያንን መንገድ ያስገባው ራሱ አቶ አረንጓዴ ነበር፤ ደንበኛ ፊት ጥቁር ስክሪን መጥቶ ካዋረደው ወዲህ። እሷ መንገዱን ዘግታ ሙከራውን ደገመችው። ስክሪኑ ደም የተረጨበት መሰለ።

ስብሰባ ላይ አቀረበችው። «አዲሱ ጓዳ እዚህ ሙከራ ላይ አንድ መስኮት አልከፈተም። የከፈተው አሮጌው ነው።»

«እህቴ፣ መስኮቱ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም?»

«ተከፍቷል።»

«በቃ! ደንበኛው ጓዳ ገብቶ ድስት ይከፍታል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደመወዝተኛ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ያን ቀን የሁሉንም ጥርስ አየሁ።

«እሺ፣ ካፈረሱትስ?» አለች።

አቶ አረንጓዴ አገጩን አከከ። «አናፈርሰዋ። ማስታወቂያው ላይ ‹አሮጌው ተሰናብቷል› እንላለን። ኮዱ ውስጥ ግን አርፎ ይተኛ። ማን ያየዋል?»

ተሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ነውር ነው» አላለም። ዓይን ያወጣ ውሸት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የተማረ ሰው ሁሉ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ዝም! ከሌባ ይልቅ እንዲህ ያለው ዝምታ ይከረፋኛል።

«ለማጉያው በር ልሥራለት፣ እስከዚያ አሮጌው በግልጽ ይቆይ» ብላ ለመነች። ጊዜ የለም ተባለች።

ከሥራ በኋላ ወንድሟ ቤት አብሬያት ሄድኩ። ሰውዬው ሸሚዙን ይተኩሳል፤ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ።

«ጋሼ፣ አላፈረሱትም። ደበቁት።»

«ታዲያ ይሠራላ?»

«ዛሬ ይሠራል። ሞቷል ተብሎ የታወጀን ኮድ ግን ማንም አይጠግነውም። አንድ ቀን አንዱ ጽዳት ነው ብሎ ይጠርገዋል።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለና ሳቀ። «አይ፣ መሐላውም ቀረብኝ፤ ሆኖልኛል።» ከዚያ ካውያውን አቆመ። «ስሚ፣ ይሄ ዓይን እንኳ ሊሄድ ሲል ነግሮኝ ነው የሄደው። ጉሙ ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ ማጉያ ፈለግኩ፣ ተለማመድኩ። ያንቺ ሰዎች ከዓይኔ ይብሳሉ እንዴ? በሽተኛ ተሰልፎ እያየኝ ድንገት ከሚጠቁርብኝ፣ ቢነግሩኝ ምናለ?»

በማግስቱ እመት ጥገና ኮዱ ላይ ሁለት ነገር ጨመረች። አንደኛ፣ አዲሱ ጓዳ ወድቆ አሮጌው ከተጠራ ሙከራው ቀይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በዚያ መንገድ የሚከፈት መስኮት ሁሉ አናቱ ላይ ቢጫ መስመር ያወጣል፤ «አዲሱ መክፈት አልቻለም፤ ይህ መስኮት በአሮጌው ጓዳ ተከፍቷል» የሚል። ማንኛውንም ለውጥ ሁለተኛ ሰው አይቶ ማጽደቅ አለበት። አጽዳቂው እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢመጣ አጸድቀዋለሁ።

አቶ አረንጓዴ ከጭብጨባው ወዲህ ሙከራውን ዞር ብሎ አላየውም፤ ያወቀው ላይብረሪው ለደንበኞች ከተላከ በኋላ ነው። ስልኩ አላርፍ አለ። «ተሰናብቷል አላላችሁም? ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ይላል የክሊኒኩ ሰው፣ ይላል ሌላው። አለቃ እየተንደረደረ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው!»

«ገመና መሆኑን ካወቁት ጥሩ ነው።»

«አጥፊው! አሁኑኑ!»

«የተጻፈው ውሸት ከሆነ አጠፋዋለሁ። ውሸት ነው?»

ሰውየው ወደሚጮኸው ስልክ ዞረ። ደንበኞቹ መስመሩን አንብበዋል፤ ቢጠፋ ለምን ጠፋ ሊሉ ነው። ማስታወቂያው ተነሳ፣ አሮጌው ጓዳም ከነስሙ ሰነዱ ላይ ተመለሰ። ለማጉያው የሚሆነውን በር እንድትሠራም ተፈቀደላት። «ተፈቀደላት» ማለት በአቶ አረንጓዴ ቋንቋ ያለ ረዳት ብቻዋን፣ ከማተሚያ ማሽኑ ጎን ወዳለችው መስኮት አልባ ክፍል ተወርውራ ትሥራ ማለት ነው። ያጨበጨቡት ሰዎች በበሯ ሲያልፉ አንገታቸውን ይሰብራሉ። ይስበሩት።

ባለፈው ጉሮሮዬን አሞኝ ክሊኒኩ ሄድኩ። ወንድሟ ከመመዝገቢያው ኋላ ተቀምጦ ማጉያውን በቢጫው መስመር ላይ ቀስ አድርጎ ይጎትታል። ጡጫ የሚያህሉ ፊደላት ስክሪኑን ሞልተው እየተራ ያልፋሉ፤ «በአሮጌው» አለ፣ «ጓዳ» አለ፣ «ተከፍቷል» አለ። እስከ ጫፉ አነበበና ትከሻው ወረድ አለ።

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ አነባታለሁ፤ ካለች ዛሬ አይጠቁርብኝም» አለኝ፣ ሰላም ስለው በድምፄ ለይቶኝ። «የጠፋች ቀን ያቺ ነዝናዛ እህቴ በሩን ሠርታ ጨርሳለች ማለት ነው። በል ስምህን ንገረኝ፤ ሰልፍ አለ።»