ባለ ጎማ ቤታችን በአባቷ አጥር ግርጌ

ጡረታ የወጣሁት ጢሜ ሳይሸብት ነው። ለብዙ ዓመታት ግሬደር ላይ ተቀምጬ መንገድ ስጠርግ ወገቤ ተበላሸና ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ማሽን ላይ እንዳልወጣ ፈረዱብኝ። የሥራ ጓደኞቼ በጣም አዘኑልኝ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሕመሙን ካልቆጠርነው ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ስጠርግ ኖሬ በጠረግሁት መንገድ ላይ እንደ ሰው ተዝናንቼ ሄጄ አላውቅም። ሥራው ሲያልቅ ካምፑ ይነቀላል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው መንደር ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያወራ ሳላውቅ ወደሚቀጥለው ተራራ እሻገራለሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ጠያቂ ሰው ይህ ትልቅ ቅጣት ነበር።

አብሮን የሚሠራ ከመካከለኛው አውሮፓ የመጣ መሐንዲስ ነበር። እናትና አባቱ በጊዜ ጡረታ ወጥተው፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ገዝተው፣ ዳኑብ የሚባለውን ወንዝ እየተከተሉ ከአገር አገር ሲዞሩ የተነሱትን ፎቶግራፍ አሳየኝ። አባትየው በቁምጣ ሆኖ ከመኪናው ደጃፍ ወንበር ዘርግቷል። እናትየዋ በመስኮት ብቅ ብላ ድንች ትልጣለች።

«ቤታቸውስ?» አልሁት።

«ይኸው ነው።»

«ጎረቤታቸውስ?»

«በየቀኑ ይለዋወጣል።»

ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ጡረታዬ እንደጸና የካምፑን አሮጌ ሰርቪስ መኪና በጨረታ ገዛሁ። የኋላ ወንበሮቹን ነቅዬ አልጋ ሠራሁበት፤ ጥግ ላይ የላምባ ምድጃ አቆምሁ፤ ባለቤቴ ለመስኮቶቹ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰፋች። እግዜር ልጅ አልሰጠንምና የሚያስቀረን ሰው አልነበረም። ወዴት እንሂድ ስላት እኔ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ የሚጠበስበት ቦታ እያሰብሁ ነበር።

«ላስታ» አለች።

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት አለብኝ። ባለቤቴ የተወለደችው ብልባላ አጠገብ ካለ መንደር ነው። በንጉሡ ጊዜ ለመንገድ ጥናት እዚያ ሰፍረን ሳለ ተዋወቅን። አባቷ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥተው ነበርና እሷ ከእኔ ጋር ስትሄድ ጉድ ፈላ። በዚያው ቀን የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው፣ በቄሱ ፊት፣ «ልጄ ቤቴን ብትረግጥ የተገዘትሁ ልሁን» አሉ፤ ቄሱም በቃላቸው ገዘቷቸው። ግዝት በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። የገዘተው ቄስ ራሱ ካልፈታው ማንም አይፈታውም ብለው ያምናሉ፤ ቄሱ ደግሞ ሞተዋል። እናቷም በኋላ ሞቱ፤ ባለቤቴ የሰማችው ከቀብሩ ብዙ ቆይቶ ነው። አሁን የቀሩት አባቷ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ሳያመልጧት ዓይናቸውን ማየት ፈለገች። ፊታቸውን ይመልሱላት አይመልሱላት አታውቅም። እኔም አላውቅም፤ ግን መሪውን ወደ ሰሜን አዞርሁ።

ንጉሡ ከወረዱ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። በየኬላው የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። አንዱ ጠባቂ ወረቀታችንን ገለባብጦ አይቶ ወደ ውስጥ አንገቱን አስገባ።

«የጉዞው ዓላማ ምንድነው?»

«ማየት» አልሁት።

«ማየት ብቻ?»

«ማየት ብቻ።»

ከዚያ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ አልጋው ላይ ጋደም አለና ጣራውን አየ። «ይመቻል» ብሎ አሳለፈን።

ጋሸና ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ሽሮ በላን። አንደኛው መጋረጃውን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ቤትህ ተወርሶብህ ነው?» አለኝ። የትርፍ ቤት አዋጅ ትኩሳት ገና አልበረደም ነበርና ሁሉም ሳቀ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውን መንገድ እያየች ነበር።

ላሊበላ አጠገብ ካለው የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እኔ የራሴን ነገር፣ መጠየቄን፣ ጀመርሁ። ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ የሚለው ጸበል ዕድሜ በበላቸው የድንጋይ ገበታዎች ላይ ይጠራቀማል። በላያችን ደረቅ አለት ነው፤ ወሩ ደግሞ የበጋ እኩሌታ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቆመው ነበርና ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ይሄ ውሃ የሚመጣው ከየት ነው?»

«ከላይ።»

«ከላይ ከየት?»

«አንተ ሰው፣ ጠምቶህ ነው ወይስ የውሃ መሥሪያ ቤት ልኮህ?»

ባለቤቴ ጸበሉን ጠጥታ ተራዋን ጠየቀች። የሞተ ቄስ የገዘተውን ሌላ ቄስ ይፈታዋል ወይ አለቻቸው። መነኩሴው ነገሩን በትዕግሥት ሰምተው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ራሳቸው ይፍቱኝ ብለው ካልመጡ እኔ የሰው በር ከውጭ አልከፍትም» አሏት። ከዚያ እስከ ብልባላ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ ሄደች። አንጀቴን በላችው።

መንደሩ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የአባቷ ቤት፣ የድንጋይ ግድግዳ ያለው ክብ ቤት፣ ከፍ ብሎ ይታያል። ከአጥሩ ግርጌ ጤፉ ታጭዶ የተነሣ ማሳ ነበር። ባለማሳውን አስፈቅጄ መኪናውን እዚያ አቆምሁ። መንደርተኛው ግልብጥ ብሎ መጣ። እሷን ያወቋት አንገቷን አቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ ሁሉም በየተራ፣ «በሉ፣ ወደ ቤት፤ ከእኛ ዘንድ ነው የምታድሩ» ይሉ ጀመር።

ይህን ጊዜ ያንን ፎቶግራፍ እያሰብሁ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «አትቸገሩ፣ ቤታችንን ይዘን ነው የመጣነው» አልሁ።

ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። የአባቷ ጎረቤት የሆኑ አንዲት አሮጊት ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «እንዴ! እንግዳ ቤቱን ተሸክሞ ከመጣ እኛ ምን ልንሆን ነው?» አሉ። እንግዳ አሳድሩኝ ብሎ ይለምናል፤ የቤቱ ጌታ «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባል፤ እግሩን ያጥባል፤ አልጋውን ይለቃል። በዚያ አገር ሰው ከሰው የሚዛመደው በዚህ ነው። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ዘጋሁት። የአውሮፓዎቹ ባልና ሚስት ይህን ችግር እንዴት እንደተወጡት መሐንዲሱን አልጠየቅሁትም ነበር።

አባቷ አልወረዱም። አጥራቸው ሥር እንጨት ይፈልጡ ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተው። ባለቤቴ ወደ አጥሩ ወጣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች፤ አልረገጠችም። እሳቸውም ምሳሩን አስቀምጠው ዘወር ሳይሉ ገቡ። ተመልሳ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። «ጎብጠዋል» አለች። «አየሃቸው? ጎብጠዋል እኮ።»

በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቲቱ አሮጊት የሽምብራ ቆሎ ይዘው መጡ። ቁጭ ብለው ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ፣ «መኪናው ደጃፍ አለው ወይ ብለዋል» አሉኝ።

«ማን ናቸው ያሉት?»

«እሳቸው ነዋ!» በአገጫቸው ወደ ላይ አሳዩኝ።

በሩን ከፍቼ ዘግቼ አሳየኋቸው። ዳገቱን ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ወረዱ። ምድጃ አለው ወይ? አለው፤ ለኩሼ አሳየሁ። እንደገና ወጡ። ጣራው ያፈሳል ወይ? አያፈስም። እንደገና። «ሲመሽ የሚቆም ሲነጋ የሚሄድ ከሆነ፣ ቤት ነው ወይስ በቅሎ?»

ሳቄ መጣ። ከእኔ የባሰ ጠያቂ ሰው በማግኘቴ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የምንነጋገረው በአሮጊቷ ጉልበት መሆኑ አሳቀቀኝ እንጂ፣ ስለ ሞተሩም ስለ ጎማውም አንድ በአንድ ልነግራቸው ዝግጁ ነበርሁ። ስለ ሞተሩ ግን አልጠየቁም። «በቅሎ ውስጥ ሰው አያድርም፤ ቤት ነው በሏቸው» አልሁ።

አሮጊቷ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወርዱ እያለከለኩ ነበር።

«የማን ነው ብለዋል። የእሱ ነው ወይስ የእሷ?»

«የእኔ ነው፣ በጨረታ...» ብዬ ስጀምር ባለቤቴ ከአልጋው ተነሥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«የእኔ ነው በሏቸው» አለች። «የእኔ ቤት ነው።»

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩዋት። «እሽ፣ አለሜ» አሉና ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልመጣም። ባለቤቴ ወለሉን ጠረገች፤ መጋረጃውን አራገፈች፤ ውሃ አሞቀች። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ዝም በል» አለችኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከውጭ የሰው ድምፅ ሰማን።

«ቤቶች!»

በመስኮት አየሁ። አባቷ ከመኪናው ራቅ ብለው ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ በትር ይዘዋል፤ ትከሻቸው ላይ ስንቅ የያዘች አገልግል አንጠልጥለዋል፤ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው። የገዛ ቤታቸው ከኋላቸው፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ በጣራው ጢስ እያወጣ ይታያል።

«ቤቶች! የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ። የእግዜር እንግዳ ብላችሁ አሳድሩኝ!»

ያን ጊዜ ነው የጥያቄዎቹ ነገር የገባኝ። ግዝቱ እሷ የእሳቸውን ቤት እንዳትረግጥ እንጂ እሳቸው የእሷን ቤት እንዳይረግጡ አይልም። ቀኑን ሙሉ ሲያጣሩ የዋሉት ይህን ነበር፦ ልጃቸው ቤት አላት ወይ? እኔ ልመልስ ስል ባለቤቴ እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«ቤት የእግዜር ነው» አለች። «ይግቡ፣ አባቴ። ይግቡ።»

አጎንብሰው ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። እሷ ሳፋውን አቅርባ ተንበርክካ እግራቸውን ማጠብ ጀመረች። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል። ዕንባዋ ከውሃው ጋር እየተቀላቀለ ሲወርድ አልከለከሏትም።

«እንደ እናትሽ ነው የምታጥቢ» አሉ። «ጣት በጣት።»

ጉልበት ስማ እራት አቀረበች፤ ከአገልግሉ ካመጡት ጋር ተበላ። አልጋውን ለቀቅንላቸውና እኛ ወለሉ ላይ ተኛን። ማንኮራፋታቸውን እየሰማሁ ወገቤ ቢቆረጥም ደስ አለኝ።

ሲነጋ ከብቶቹን ላውጣ ብለው ወደ ቤታቸው ወጡና ተመለሱ። ሲመለሱ ቀጥ ብለው ሄደው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እሷን መሐል አስቀመጧት። ብልባላ ገበያ አድርሰኝ አሉኝ። ወደ ገበያው የሚወስደው ጎዳና በማሳው በኩል ነበር፤ እሳቸው ግን በትራቸውን ወደ ዳገቱ አነሡ።

«በአጥሬ ሥር አሳልፈን።»

«እዚያ መንገድ የለም እኮ፣ አባቴ» አልኋቸው።

«መንገድ ሠሪ አይደለህም እንዴ?»

ወርጄ ድንጋዮቹን ገለል አደረግሁ። መኪናው እያቃሰተ ወጣና ከአጥራቸው በር ፊት ለፊት ደረሰ። ፍጥነት ልጨምር ስል የእጄን አንጓ ያዙ።

«ቀስ በል» አሉኝ። «የአጥሩንም የቤቱንም በር ከፍቼ ነው የመጣሁ። እዚሁ ተቀምጣ ውስጡን ትየው።»