ምፀታቸውን እውነት ያደረጉት መምህር

መምህር ታፈሰ ይርዳው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ቤታቸው ማረፋቸውን የነገረኝ የወዳጃቸው የሐጂ ሁመድ ልጅ ነው። አፋር ዳጉ በሚለው ልማዱ፣ መንገድ ላይ የተለዋወጠውን ወሬ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። በጋዜጠኝነት ያረጀሁ ሰው ብሆንም ሌላ ምንጭ አልጠየቅሁም።

በጃንሆይ ዘመን መምህር ታፈሰ መልካ ወረር አካባቢ በአንድ የጥጥ እርሻ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። እሑድ እሑድ ለጸሐፊውም ለጥጥ ለቃሚውም ፍልስፍና ያወሩለታል። «ውሸታም እንዳይታወቅበት ይፈራል፤ ምፀተኛ ግን ሳይታወቅለት እንዳይቀር ይፈራል» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ወባ የጣለውን ለቃሚ ሲያገኙ «አንተ ሰነፍ፣ እንቅልፍ አምሮሃል» እያሉ በገዛ አልጋቸው ያስተኙታል።

የፈሩትም አንድ በጋ ደረሰባቸው። እርሻው ሲሰፋ ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበት መንገድ ተዘጋ። የአካባቢው ሽማግሌ ሐጂ ሁመድ ከመምህሩ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠው ወሬ ጠየቋቸው። መምህሩ በንዴት «ሥራ አስኪያጁ እኮ ደግ ሰው ናቸው። ከጥጡ በፊት ከብቱ ይጠጣ ብለዋል» አሉ። ሐጂ አመስግነው ተነሱ። ብዙም ሳይቆይ ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ከብት እየተነዳ መጣ። እኔም ለዘገባ እዚያው ነበርኩ።

መምህሩ ወደ ሐጂ ሮጡ።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ቀልዴን ነበር።»

«ቀልድ ከሆነ እኔ ሳልነሳ ሳቅ። ከተነሳሁ ወዲያ ወሬ ነው። ወላሂ፣ ይሄ ከብት ሳይጠጣ ቢመለስ ያንተንም የእኔንም ቃል የሚያምን የለም።»

መምህር ታፈሰ ኮታቸውን ደርበው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ፤ ተከተልኳቸው።

«ጌታዬ፣ የማላውቀው ነገር ገጥሞኝ ነው። ጥጥ ሲጠማው ይጮኻል?»

«አይጮኽም።»

«ከብትስ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ግቢው በከብት ጩኸት ተሞልቷል።

«ምን ሊሉኝ ፈልገው ነው?»

«የማይጮኸውን እንዴት እንደሚሰሙት እንዲያስተምሩኝ ነው። ደግሞ ደግ ናቸው ብዬ አስወርቼልዎታለሁ፤ ውሸታም አያድርጉኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። በእርሻው ዳር መተላለፊያ እንዲከፈት አዘዙ። ከብቱ እየተጋፋ ወደ ወንዙ ሲወርድ ለቃሚዎቹ ጥጡን ትተው በእልልታ ሸኙት።

ከዚያ ወዲህ መምህሩና ሐጂ አልተለያዩም። ሐጂም ምፀቱን ለመዱት። ቀትር ላይ፣ ድንጋዩ እግር በሚያቃጥልበት ሰዓት፣ ወደ መምህሩ ደጅ ብቅ ብለው «መምህር፣ ብርዱ በረታ፤ ጋቢ የለህም?» ይሏቸዋል። መምህሩ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። «ተማሪዬ በለጠኝ» ብለው ያላወሩለት ሰው የለም።

መምህር፣ በሕይወት ሳሉ ስለ ደግነትዎ ሊወራ ሲል በቀልድ ያቋርጡን ነበር። ዛሬ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ልጨርሰው። ደግ ሰው ነበሩ። ይህ ምፀት የለበትም። በሰላም ይረፉ።