ተራቸውን ጥለው የመጡ አሥራ አንድ ሰዎች

እታለም፣ ስሚኝማ... ትናንት ልጅሽ የአባቷን ስም አገኘች። እንዳታገኝ የሞከርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ለማታውቋት፦ እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እዚሁ ጅቡቲ ሰው ቤት እየሠራች ታስተምረኝ ነበር። ከአራት ወር በፊት ሶስናን ወለደችና በሦስተኛው ቀን አረፈች። ከዚያ ወዲህ ሶስናን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ስሄድ ጎረቤት ቤታችን መጥታ ትይዝልኛለች።

አባቷ ፈለቀ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ከእታለም ጋር ስላልተጋቡ በልጅቷ የልደት ወረቀት ላይ የአባት ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ ከሆነ ድንበር ሊያሻግራት አይችልም። ከሞላ ግን ድሬዳዋ እናቱ ዘንድ ይወስዳታል... እኔ ባዶ ሆኖ እንዲቀር ነበር የምፈልገው።

ባለፈው ሳምንት የልደት መመዝገቢያ ቢሮ አብረን ሄድን። ፈለቀ ፈረንሳይኛ ስለማያውቅ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። የቢሮዋ ማዳም አባትነቱን ስለሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ነገረችን። ናሙናው ፈረንሳይ ድረስ ይላካል። ዋጋውን ስነግረው ፈለቀ ሳቀ።

«ወንድምዬ፣ እኔ ራሴ ብሸጥ አይሞላም!»

ማዳም አሳዘናት መሰለኝ። «እንግዲያው እሱንና እናትየዋን አብረው ሳሉ የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ያምጣ። መቼ ይመቻችኋል?» አለችኝ።

ፈለቀን ሳልጠይቅ «ማክሰኞ» አልኩ።

አውቄ ነው። ማክሰኞ የነሱ መኪኖች ወደብ ገብተው የሚጭኑበት ቀን ነበር። ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ላይ ሾፌር የጭነት ተራ ሲጠብቅ ሳምንት ሙሉ መኪናው ሥር ይተኛል። ስሙ ሲጠራ ከሌለ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። ለአንድ ረዳት ብሎ ተራውን የሚጥል ሾፌር የለም ብዬ ነበር።

ትናንት ቢሮው በር ላይ ስደርስ ማንም የለም። ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረው... አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ፈለቀ ወረደ። ከኋላው ሾፌሮች፣ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ፣ በነጠላ ጫማ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ አንድ!

ማዳም መነጽሯን አውልቃ አየቻቸው። «ሁለት ነው ያልኩት!» አለች። ተረጎምኩላቸው።

«የትኞቹን ሁለት?» አሉ አንድ ሽበታም ሾፌር። «ስለዚች ልጅ እያወራ ጆሮውን ያላደነቆረው ማን አለና!»

«ጎማ ሥር ገብቶ ብሎን ሲያጠብቅ እንኳ ሶስና ሶስና ነው የሚለው» አለ ሌላው።

«ተራችሁስ?» አልኳቸው፣ ሳላስበው።

«ወደቡ የት ይሄዳል ብለህ ነው አንተ?» አሉኝ ሽበታሙ።

ማዳም ሁለቱን ብቻ ልትመዘግብ ብትሞክርም እሺ የሚል ጠፋ። አሥራ አንዱም ስማቸውን እየተናገሩ ፈረሙ። እታለም፣ ሰው ለሰው እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «የእናትየዋ ቤተሰብስ? ትቃወማላችሁ?»

ይህንን አልተረጎምኩትም። ፈለቀ ግን ከፊቴ አነበበው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። «አናውቀውም» የሚለውን ሳምንት ሙሉ ተለማምጄዋለሁ...

«አባቷ እሱ ነው» አልኩ። መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰሙት በአማርኛ።

ከሰዓት በኋላ ሶስና አባቷ እቅፍ ውስጥ ሆና፣ ተራው ስላለፈ ሳይጭን በሚመለሰው የሽበታሙ ሾፌር መኪና ወደ ድሬዳዋ ጉዞ ጀመረች።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ዳቦ በሻይ በላሁ፣ ቦርሳዬን አነገትኩ። በሩንም ቀስ አድርጌ ዘጋሁ። ጫማዬን ያደረግኩት ግን ውጭ ከወጣሁ በኋላ ነው... ሶስና እንዳትነቃብኝ ብዬ።