ፔርፔቱዋ የክርስትና ልጇን የከሰሰችበት ጉዳይ

«አበልጅ! ኧረ አበልጅ ብዬሽ! ካህኑ ፊት ልጄን ታቅፈሽ የቆምሽው ለዚህ ነበር? ሻማ ይዘሽ ‹እጠብቃታለሁ› ያልሽው ለዚህ ነበር? ጠበቅሻታ! ድመት ዓሣ እንደምትጠብቀው አድርገሽ ጠበቅሻታ!»

ኤስትሬሊታ ናት። የአጥሩ በር ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ኤስትሬሊታ ስትጣላ መጀመሪያ ድምጿን ቅጥን አድርጋ እንደ መዘምራን ትጀምራለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ዓሣ ገበያ ትወርዳለች። በዚያ ጠዋት ገበያው ጋ ስትደርስ ሰፈሩ መስኮቱን ከፍቶ ጨርሷል። መስኮት የሌለው በሩን ከፈተ።

ፔርፔቱዋ ከውስጥ የደረቀ ዓሣ እየጠበሰች ነበር። አልመለሰችም። አንዴ ብቻ «ዓሣው እንዳያርብኝ ነው እንጂ እየሰማሁሽ ነው፤ ቀጥይ» አለች። ኤስትሬሊታም ቀጠለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔርፔቱዋ በከተማው ሆስፒታል ዕድሜዋን የጨረሰች ዋና ነርስ ናት። ባሏ መርከብ ላይ ይሠራል፤ በዓመት አንዴ ይመጣና ቤቱን ቀለም ቀብቶ ይሄዳል። ልጅ የላቸውም። ያለቻት የክርስትና ልጅ ናት፣ የኤስትሬሊታ ልጅ ቼሪሉ፤ «ኒናንግ፣ ኒናንግ»፣ የክርስትና እናቴ፣ እያለች ጉያዋ ሥር ያደገች። የመጀመሪያ ጫማዋን የገዛችላት ፔርፔቱዋ ናት። ነርስነት ተማሪ ያለቻትም ፔርፔቱዋ ናት። ለቦርድ የከሰሰቻትም ፔርፔቱዋ ናት። ሰፈሩ የሚያወራው የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

ጉዱ የጀመረው ከባነር ነው። እኛ ጋ ልጅ የሥራ ፈቃድ የሚያሰጠውን የነርስ ቦርድ ፈተና ስታልፍ ፎቶዋና ስሟ በትልቅ ባነር ታትሞ መንገድ ላይ ይሰቀላል። ከጎኗ ከንቲባው «እንኳን ደስ አለሽ» እያሉ ይስቃሉ። የከንቲባው ፊት ከልጅቷ ፊት ከበለጠ ምርጫ ደርሷል ማለት ነው። በዚያ ዓመት ደርሶ ነበር። ከንቲባ ባልዶሜሮ ውጤት እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ፈተና የተቀመጡትን ልጆች ባነር ሁሉ ባንዴ አሳተሙት። በጅምላ ይረክሳላ! የቼሪሉ ፊት ሎሚ፣ የከንቲባው ፊት የመኪና ጎማ አክሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ተሰቀለ። ኤስትሬሊታ ያን ቀን አሳማ አስጠበሰች። ካህኑ ባረኩት። ፔርፔቱዋ ከቆዳው በላች፤ ቆዳው የክብር እንግዳ ድርሻ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ቼሪሉ ወድቃለች።

ባነር ሲያልፉ ይሰቀላል እንጂ ሲወድቁ የሚወርድበት ሥርዓት የለንም። ማን ያውርደው? የልጅቷን ፊት ማውረድ የከንቲባውንም ማውረድ ነው፣ ያውም በምርጫ ሰሞን። ቼሪሉ ለእናቷም አልተነፈሰች። የጠረጠረም ካለ ሆድ ይፍጀው አለ። አንድ ቀን ከንቲባው በመኪና ሲያልፉ ባነሩን አዩና «ይቺ ልጅ የት ነው የምትሠራው?» አሉ።

«የትም አትሠራም፣ ጌታዬ» አለ ሾፌሩ።

«እንዴት የትም? ነርስ አይደለችም እንዴ? ይኸው ተጽፏል እኮ!»

ቼሪሉ ነጭ ለብሳ ሆስፒታል ገባች። የሙያ ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ከንቲባው ራሳቸው የሰቀሉትን ማን ይጠይቃል? ፔርፔቱዋም አልጠየቀች። አሳማውን በልታለቻ።

ልጅቷ ደግሞ ሥራ አትለግምም። አልጋ ታነጥፋለች፣ ሽማግሌ ታስቃለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም ታሰኛለች። ፔርፔቱዋ አጠገቧ ስታልፍ በኩራት አንገቷ ይረዝም ነበር። እስከ አዛውንቱ ኢስኮ ድረስ።

ኢስኮ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ተቅማጥ አድክሟቸው ገቡ። ሐኪም ፖታሲየም አዘዘላቸው። ፖታሲየም ግሉኮሱ ውስጥ ተበርዞ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ያድናል፤ እንዳለ ደም ሥር ውስጥ ከተወጋ ልብን ቀጥ ያደርጋል። ፔርፔቱዋ ክፍሉ ስትገባ ቼሪሉ እንዳለ በመርፌ ቀድታው የሽማግሌውን ክንድ ይዛለች። ኢስኮ ስላመለጣቸው ትልቅ ዓሣ እየነገሯት ነው።

ፔርፔቱዋ አልጮኸችም። የልጅቷን እጅ አንጓው ላይ ያዘችና «ቼሪሉ፣ ነይማ፣ እዚህ መጋረጃው ጋ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለቻት። ሽማግሌው «ኧረ ወሬያችንን እንጨርስበት!» ብለው ተቆጡ።

ከመጋረጃው ጀርባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ይሄ እንዳለ ይወጋል ያለሽ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ ኒናንግ። ፈተናው ላይም እሷን ጥያቄ ስቻታለሁ።»

«ስተሻት አለፍሽ?»

ቼሪሉ መርፌውን አየች። ጣራውን አየች።

«አላለፍኩም።»

ፔርፔቱዋ መቀመጫ አጣችና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ነገሩን በቤት ልትጨርሰው ሞከረች። «ማንም ሳይናገርብሽ ራስሽ ተናገሪ። ውጪ፣ እንደገና ተፈተኚ፣ እኔ አስጠናሻለሁ» አለቻት። ቼሪሉ አለቀሰች። የክርስትና እናቷን እጅ በአክብሮት ስባ የራሷ ግንባር ላይ አደረገችና «እሺ ኒናንግ» አለች። በማግስቱ ነጭ ለብሳ መጣች። እሺ ማለት ‹ሰምቻለሁ› ማለት እንጂ ‹አደርገዋለሁ› ማለት እንዳልሆነ ፔርፔቱዋ በዚህ ዕድሜዋ ማወቅ ነበረባት።

ከዚያ ጥላዋ ሆነች። ልጅቷ መድኃኒት ስታነሳ እሷ ትነጥቃለች፤ ልጅቷ ወደ በሽተኛ ስትጠጋ እሷ ትቀድማለች። ግን ሰው ነውና ዕረፍት ይወጣል። ዕረፍቷ ቀን ፔርፔቱዋ ቤቷ ቁጭ ብላ ‹አሁን የማንን ክንድ ይዛ ይሆን?› ስትል ትውላለች። እንዲህ ያለ ዕረፍት ከሥራው ይብሳል። ስለዚህ ወደ ዳይሬክተሩ ወደ ዶክተር ቪላሉና ገባች።

«ዶክተር፣ ቼሪሉ ፈቃድ የላትም።»

«ማም ፔርፒ፣ ባነሩን አላዩትም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ። ፖታሲየም እንዳለ ልትወጋ ደርሳ ነበር።»

«ሰው ሞተ?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያውስ!»

«ሲሞት ተመልሼ ልምጣ?»

ዶክተሩ ጥያቄውን ከልቡ አሰበበት። «ከምርጫው በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው» አለ።

አብሯት የሚሠራው ነርስ ሮሜል ወሬ ይወዳል፤ የራሱ ስም ያለበት ወሬ ብቻ ነው የማይወደው። «ማም፣ ዝም አይነቅዝም» አላት። «ካልሆነልዎትም ለቦርዱ ይጻፉ፣ ግን ስምዎን አያስገቡ። ‹አንድ ተቆርቋሪ ዜጋ› ይበሉ።»

«እኔ ለበሽተኛ መድኃኒት ሰጥቼ ‹አንድ ተቆርቋሪ ዜጋ ሰጠው› ብዬ ነው እንዴ የምፈርመው?»

ሮሜል ዝም አለ። አልነቀዘም።

ፔርፔቱዋ ማኒላ ላለው ቦርድ በሙሉ ስሟ፣ ከነአባቷ ስም፣ ጻፈች። ከመላኳ በፊት ቼሪሉን ጠርታ «ልኬ ነው የምትሰሚው እንዳትዪ፣ ይኸው ልልክ ነው» አለቻት። ቼሪሉ «እሺ ኒናንግ» አለች።

ከቦርዱ ሁለት ሴቶች ጃንጥላ ይዘው መጡ። ፈቃድሽን አሳዪን ሲሏት ቼሪሉ «ያለኝ ባነሩ ነው» አለች። ዶክተር ቪላሉና ደነገጠ፤ መደንገጥ ይችልበታል። ከንቲባው «እኔ እንኳን ደስ አለሽ አልኩ እንጂ ቅጠሯት መቼ አልኩ?» አሉ። ሴቶቹ ወደ ፔርፔቱዋ ዞሩ።

«እርስዎ ዋና ነርስ ነዎት። ስትገባ ለምን ፈቃዷን አላዩም?»

«አሳማ በልቼ ነበር።»

ሴቶቹ ተያዩና ጻፉት። ፔርፔቱዋም ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ይገባኛል ብላ ፈረመች። ወዲያው ከከንቲባው ቢሮ ሹመት መጣላት። ለረጅም አገልግሎቷ ምስጋና ይሆን ዘንድ የአንሶላ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆናለች። የምታዘው ሰው የለም፤ ማሽኑም ተበላሽቷል። አዛውንቱ ኢስኮ ድነው ከወጡ በኋላ ለክትትል ሲመለሱ «ያቺ ተጫዋች ልጅ የት ገባች? ምቀኞች አስወጧት አይደል!» ብለው ፔርፔቱዋን ገላመጧት። ቼሪሉ ቤቷ ገብታ ትራስ ላይ ተደፋች።

ፔርፔቱዋን የበላት ግን ማስጠንቀቂያውም አንሶላውም አልነበረም። ኤስትሬሊታ ናት። ኤስትሬሊታ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታገኛት ተሻግራ በወዲያኛው ጠርዝ ታልፋለች፤ ቅዳሴ ላይ ‹ሰላም ለእናንተ ይሁን› ሲባል ሰው ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ሲጨባበጥ እሷ ከፊቷ ካለው ምሰሶ ጋር ትጨባበጣለች። አንዲት ቃል የለም። ስድብ እንኳ የለም። ለዚህ ነው በዚያ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ስትጮኽ ፔርፔቱዋ ‹ቀጥይ› ያለቻት።

«... ልጄ እህል አልበላ አለች፣ በአንቺ! ዓሣ ሻጯ እንኳ ዞራ ትስቅብኛለች፣ በአንቺ! ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው፣ እሱም በአንቺ ነው!»

ከዚያ ኤስትሬሊታ ትንፋሽ አጠራት። ግራ ቀኝ አየችና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን በአጥሩ ብረት መሃል ወደ ውስጥ አስገባች።

ፔርፔቱዋ ክንዱን አየችው። «ምንድን ነው?»

«ያዞረኛል አላልኩሽም?»

«ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው ነው ያልሽው።»

«ያው አይደለም እንዴ!»

ፔርፔቱዋ ምድጃውን አጠፋች። የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ወጣችና ከአጥሩ ወዲህ ሆና ጠቀለለችላት።

«ቤታችሁ መለኪያ አለ። ቼሪሉ ለምን አትለካሽም?»

ኤስትሬሊታ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ድምጿ ከዓሣ ገበያ ወደ መዘምራን ተመለሰ። «ቼሪሉ እኮ ... ገና ናት።»

ሰፈሩ ሰማ። ፔርፔቱዋ እንዳልሰማች ሆና አየሩን ነፋች።

«አታውሪ፤ ስታወሪ ይጨምራል።»

«አልታረቅኩሽም ግን!»

«ዝም በይ አልኩሽ።»

ዝም አለች። ብዙ ሰው ኤስትሬሊታ ዝም ስትል ያን ቀን ነው ያየው። ፔርፔቱዋ መለኪያውን አነበበች፣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ ነገረቻት።

«ይህን ያህል?!»

«ክኒንሽን ዋጪ። ጨው ቀንሺ። ነገ ይዘሽልኝ ነይ፣ ይቺን ክንድ።»

«ነገ የምመጣው ልሰድብሽ ነው።»

«እሱንም ከለካሁሽ በኋላ ታደርጊዋለሽ።»

ከጎረቤት መስኮት አንዲት ሴት ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ «ማም ፔርፒ፣ ስንት ሆነ?» ብላ ጠየቀች።

ፔርፔቱዋ ቀና አለች። «አንቺ እዚያ ሆነሽ ይሄን ሁሉ ትጽፊያለሽ እንዴ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«የኔን ጻፊ። አሳማውን ጻፊ፣ አንሶላውንም ጻፊ፣ የፈለግሽውን ያህል ሳቂብኝ። የሰው ግፊት ግን የሰውየው ነው፤ እሱ አይጻፍም። ምን ታያለሽ? አስቀምጪ ብዕሩን። አሁን! መጻፍሽን አቁሚ አልኩሽ እኮ!»